እግረ ደረቅ የተባለው አማቼ

ኳስ አላይም። ቴሌቪዥኑ ያለው ከጀርባዬ፣ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ጫማ እሰፋለሁ። ብርሃን የሚገባው በበሩ በኩል ስለሆነ ነው እንጂ ኳስ ጠልቼ አይደለም። ተመልካቾቹ ከፊት ለፊቴ ይደረደራሉ። እነሱ ከጭንቅላቴ በላይ ያያሉ፣ እኔ እነሱን አያለሁ።

ውጤቱን ከፊታቸው ላይ አነባለሁ። ወንድሜ ከንፈሩን ከነከሰ ኳሷ ወደ እነሱ ግብ እየሄደች ነው። ሾፌሩ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ከጫነ ለጥቂት ስተዋል። ሁለቱም ዝም ካሉ ገብቶባቸዋል። በዚህ ዓመት ዝምታው በዝቷል።

ወንድሜ ታናሼ ነው። አብረን እንሠራለን፤ እሱ ቆዳ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። የሥራ ቤታችን ጠባብ ክፍል ናት። በአንዱ ግድግዳ ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት ፎርማ በየቁጥሩ ተደርድሯል፣ በሌላው ቆዳ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ የማስቲሽ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም። ቴሌቪዥኑን ያመጣው ወንድሜ ነው። ሲያመጣው «ዜና ትሰማበታለህ ጋሼ» አለኝ። ዜና የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም።

የሚደግፈው ክለብ ድሮ ትልቅ ነበር ይላሉ። አሁንም በአገሩ ሊግ ደህና ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጫወት ከሥራ ቤቱ ጭብጨባ አይጠፋም። ረቡዕ ምሽት ከሌሎች አገሮች ክለቦች ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ሲገጥም ግን ሌላ ቡድን ይሆናል። እግራቸው ይተሳሰራል፣ አንዱ ሌላውን ያያል፣ ኳሷን የሚፈልጋት ይጠፋል። ይህን የምለው ሌላ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። እነሱ ግን አሰልጣኙንም ሆነ ተጫዋቹን አይሰድቡም። ዳኛውን ይሰድባሉ፣ ሜዳውን ይሰድባሉ፣ ዝናቡን ይሰድባሉ። ክለባቸውን ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በተለይ ወንድሜ፤ እናቱን ቢሰድቡበት ይታገሥ ይሆናል፣ ክለቡን ግን አይችልም።

ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ጎረቤታችን ነው። ሥራውን ጨርሶ፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ይመጣል። ሌላው ሰዓት ሠሪው ነው። ሱቁ ከኛ ቀጥሎ ነው፤ ተቀናቃኙን ክለብ ይደግፋል፤ ስለዚህ አይቀመጥም። በር ላይ ተደግፎ በነገር ይመርዛል።

«ዛሬስ ስንት ተጫነላችሁ?» ይላል።

«ሂድ ወደ ሰዓትህ» ይለዋል ሾፌሩ።

«የኔ ሰዓት ይሄዳል። የቆመው የናንተ አጥቂ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚባለውን አልጽፈውም።

አማቼ ልጄን ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው። በከተማው አንድ ዘመድ የለውም። ቤቴ ሲገባና ሲወጣ ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣውም ነበር። «ይህ ሰው ምላስ አለው?» ብዬ ልጄን ጠይቄያታለሁ። አፉን የፈታለት ኳስ ነው። ወንድሜ በዚህ ዓመት አንድ ረቡዕ ጠራው፤ መጣ፤ ተቀመጠ። የወንድሜ ክለብ የሱም ክለብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ አልቀረም። ሲመጣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ይዞ ነው፤ ሾፌሩ ዳቦውን ከወሰደ በኋላ ነው ሰላም የሚለው። በዚያ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ሰው አገኘ። እኔም ደስ አለኝ።

ክለቡ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ረቡዕም ተሸነፈ። ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ቃኘና «ከመካከላችሁ አንድ እግረ ደረቅ አለ፤ ቆጥራችሁ አውጡት» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ ግን ዓይናቸው አንድ በአንድ ወደ አማቼ ዞረ። አዲስ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ከፊት በርጩማ ላይ አንሥተው ከኋላ አስቀመጡት። ሦስት ገባባቸው። ቀጥሎ ቁም አሉት። ቆመ፤ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። ከእረፍት በኋላ ና አሉት። ከእረፍት በኋላ በሩን ገፋ አድርጎ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል በረኛቸው ኳሷን በሁለት እግሩ መሃል አሳለፋት።

«ሰላምታህን ለራስህ ያዛት» አለው ሾፌሩ።

አማቼ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔ ግን ፊት ለፊቴ ስለሆነ አየሁት። ጥርሱ ይስቃል፣ ዓይኑ ወለሉን ያያል።

ከዚያ ሌላ ረቡዕ መጣ። ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ እንደ ወንድም፣ «ዛሬ እንኳ ቤትህ ዕረፍ» አለው። አማቼ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዳቦውን ብቻ ሰጥቶ ሄደ። ያን ምሽት ክለቡ አሸነፈ። አንድ ለባዶ። ሾፌሩ ተነሥቶ ሲዘል ፎርማዎቹ ከግድግዳው ወረዱ። ወንድሜ አናቴን ሳመኝ። «አላልኩህም ጋሼ? እሱ ሲቀር ተፈታን» አለኝ። በማግሥቱ ወሬው ከኛ ቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ደረሰ። እዚያ ከደረሰ ዳቦ ቤት ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም።

ልጄ ቀኗ ደርሷል። ሐኪሟ ሰኞ ጠዋት እንድትገባ ቀጥሯታል። እግሯ አብጦ የነበራት ጫማ ሁሉ ስለጠበባት ሰፊና ለስላሳ ጫማ ሠራሁላትና ቤቷ ወሰድኩላት። ጎንበስ ማለት አትችልም፤ እኔው አጠለቅሁላት።

«አልጠበበሽም?»

«አልጠበበኝም። አባዬ፣ ሰኞ አንተ ትወስደኛለህ?»

«ባልሽ የት ሊሄድ ነው?»

«ሥራ አለኝ ይላል።»

ቀና ብዬ አየኋት። ልጄ መዋሸት አትችልም፤ እናቷም አትችልም ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።

«ሥራ አይደለም» አለች። «‹እኔ ባልኖር ይሻላል› ነው የሚለው። ‹ባለፈው ጊዜም ሐኪም ቤት ያደረስኩሽ እኔ ነኝ› አለኝ።»

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን አስወርዷታል። አዎ፣ የወሰዳት እሱ ነበር። ሌላ ማን ሊወስዳት ኖሯል?

«ይህን ማን ነገረው?»

«ማንም። ለካስ እስከ ዛሬ በሆዱ ይዞት ነበር። ያለ እሱ ማሸነፋቸውን የሰማ ዕለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ‹እነሱም ደረሱበት› አለኝ።»

ጫማውን አስሬ ጨርሻለሁ፤ እጄ ግን ክሩ ላይ ቀረ።

«እኔ እወስድሻለሁ» አልኳት።

«አንተማ አለህልኝ አባዬ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። በጓሮ በኩል ገባሁ። እስከ ክርኑ ዱቄት ሆኖ ሊጥ ይቆርጣል፣ ያድበለብላል፣ ትሪ ላይ ይደረድራል። እጁ አይሳሳትም፤ ሁሉም ልክ አንድ ያክላል።

«አባባ፣ በጠዋት ምን እግር ጣለዎ?»

«ሰኞ ልጄን ማን ይወስዳታል?»

እጁ አልቆመም። «እርስዎ አሉ።»

«እኔ ባሏ አይደለሁም።»

ትሪውን ሞላና ወደ ምድጃው ገፋው። ከዚያ ነው ፊቱን ያዞረልኝ።

«አባባ፣ ሞኝ አይደለሁም። ኳስና ልጅ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አውቄም እፈራለሁ። ብቀርና ደህና ብትወልድ ምን ይጎድልብኛል? ብሄድና አንድ ነገር ቢሆን ግን ዓይኗን እንዴት ነው የማየው?»

 የሌለኝን መልስ አልሰጥም። ሌላ ነገር ጠየቅሁት።

«ቅዳሜ ታርፋለህ?»

«የዳቦ ቤት ሰው ቅዳሜ ያርፋል እንዴ? ዕረፍቴ ረቡዕ ብቻ ናት።»

ይህን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ በአእምሮዬ አገላበጥኩት፤ የሥራ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ወንድሜ ቆዳ ዘርግቶ እየቆረጠ ነበር።

«ያ ልጅ አንድ ቀን ቅዳሜ ኳስ አይቶ ያውቃል?» አልኩት።

«ቅዳሜማ ይሠራል።»

«ቅዳሜ ታሸንፋላችሁ?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«ረቡዕስ?»

ቢላዋውን ወደ ላይ አነሣ። «ጋሼ፣ ወዴት ልትወስደኝ ነው?»

«ረቡዕ እሱ ሳይመጣ በፊትም ትሸነፉ ነበር። ሰውየው የሚመጣው በምትሸነፉበት ቀን ብቻ ነው፤ ሌላ ቀን የለውም። በሽተኛ አጠገብ የሚገኝ ሐኪም ሁሉ በሽታ አምጪ ነው?»

«ያለፈው ረቡዕስ? ቀረ፣ አሸነፍን።»

«ግቡን ያገባው ማን ነው?»

ትንሽ ዘገየ። «የነሱ ተከላካይ። በገዛ ራሱ ግብ ላይ።»

«እሱንም አማቼ ነው የላከው?»

ሳቀ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅሁና ስለ ሰኞ ነገርኩት። ልጄ ያለችውን፣ እሱም በዳቦ ቤቱ ያለኝን። ወንድሜ ቢላዋውን አስቀመጠ። ልጄን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ያሳደጋት፤ የኔን ያህል የሱም ናት።

«ቀልድ ነበር እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እሱ ግን አልቀለደም።»

ወዲያ ወዲህ አለ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል። ከዚያ ፊቱ በራ። ወንድሜ መላ ሲያገኝ ገና ሳይናገር ያስታውቃል።

«ቅዳሜ ይምጣ» አለኝ። «ቅዳሜ ከውራው ጋር ነን፣ በሜዳችን። እንኳን እሱን፣ ጅብ አምጥተን ከፊት ብናስቀምጥ እናሸንፋለን። ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ዓይኑ እያየ እናሸንፍና ነገሩ ይለቀዋል።»

«ባታሸንፉስ?»

«ጋሼ፣ ውራ ነው አልኩህ። አሰልጣኛቸው ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ነው የሚያሠለጥነው።»

አልወደድኩትም። ስፌት የሚፈተነው ሰው እግሩን ሳያስገባበት ነው። ግን ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሰኞም ሩቅ አልነበረም። ተመልሼ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛህ ጋር ተቀያየርና ትመጣለህ» አልኩት።

«አባባ፣ ይተዉኝ በናትዎ።»

«አልለመንኩህም።»

መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩ ውስጥ ዱቄት ቀርቶ መጣ። ወንድሜ ከፊት ያለውን በርጩማ በእጅጌው ጠርጎ «ቦታህ ይኸው» አለው። ሾፌሩ አስቀድሞ ተነግሮታል። እንደ ተነገረው ሰው አፉን ገጥሞ ተቀመጠና አልቻለም።

«እሺ፣ ይቀመጥ» አለ። «ሰላም ብቻ እንዳይል።»

ወንድሜ በክርኑ ጎሸመው። አማቼ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እኔ ፊቴን ወደነሱ አድርጌ ሥራዬን ያዝኩ። በዚያ ቀን የሰፋሁትን ጫማ በኋላ ፈትቼ እንደገና ሰፍቼዋለሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ ነበር። እጁን አማቼ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ልክ ድግስ ላይ እንደ ጠራው ሰው፣ «አሁን ታያለህ፣ ዘና በል» ይለዋል። ሾፌሩ እጁን አናቱ ላይ ጫነ፤ ለጥቂት ሳቱ። እንደገና ጫነ። «ይመጣል፣ ይመጣል» አለ ወንድሜ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

ሁለቱም ዝም አሉ።

ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ሆኖ ይሸተዋል መሰለኝ፣ በሩ ላይ ደረሰ። «ማን ነው የገባበት? እናንተ ናችሁ? ከውራው?» አለ።  አማቼን ከፊት ተቀምጦ ሲያየው ቅንድቡ ተነሣ። ወንድሜ አፍጥጦ ስላየው ነው ያልተናገረው።

በእረፍቱ ሰዓት ወንድሜ ብቻውን አወራ። ሁለተኛው አጋማሽ የኛ ነው አለ። ውራዎቹ ደክመዋል አለ። አማቼ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እሱን ሳይ አንገቱን ለቢላ የሰጠ በግ ትዝ አለኝ፤ እሱ ግን ስለ ሰኞ እንጂ ስለ ኳሱ እያሰበ አልነበረም። እኔም አልነበርኩም።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሾፌሩ ከመቀመጫው ተነሣ። «ፔናሊቲ! ፔናሊቲ!» አለ። የሁሉም ፊት ተከፈተ። አማቼ ዓይኑን ጨፈነ። እሱ ብቻ ነው የጨፈነው። ሲገልጥ ሾፌሩ እጁ አናቱ ላይ ነበር። ኳሷ ከተመልካቹ መሃል ገብታለች አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ገባባቸው። ሲገባ ማንም ከንፈሩን እንኳ አልነከሰም።

ፊሽካው ተነፋ። ክፍሉ ውስጥ የማስታወቂያ ዘፈን ብቻ ይሰማል። ወንድሜ ሄዶ ድምፁን አጠፋው።

አማቼ ተነሣ። የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። እየቀለደ አልነበረም። በሩ ላይ የነበረው ሰዓት ሠሪ ይህን ያህል ጊዜ ያቆያት ነገር ከአፉ ልትወጣ ሆነ።

«እኔማ ድሮ ብያለሁ፤ ይህ ሰውዬ…»

«አንተ ዝም በል» አለው ወንድሜ። ጮሆ አይደለም። ከዚያ ወደ አማቼ ዞረ። «አንተ ተቀመጥ።»

«ጋሼ፣ ልሂድ። እኔ በመጣሁ ቁጥር…»

«ይቅርታ የምትለው ለምንድን ነው? ፔናሊቲውን የሳትከው አንተ ነህ?»

«በመጣሁ ቁጥር ትሸነፋላችሁ።»

«በመጣህ ቁጥር የምንሸነፈው ደካማ ስለሆንን ነው።»

ወንድሜን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ጥርስ ሲነቅል ያየሁት መሰለኝ። ያውም ሰዓት ሠሪው ቆሞ እየሰማ። ሾፌሩ ዘመድ የሞተበት ይመስል ቀና ብሎ አየው።

«ምን ትላለህ አንተ?» አለው።

«ደካማ ነን እላለሁ። ተከላካዮቻችን ሸምግለዋል፤ አንዱ ሲዞር ጨዋታው ያልቃል። በረኛው ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። አሰልጣኙ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ዛሬ አይደለም ያወቅሁት፣ ከርሜያለሁ። አፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።» ወደ አማቼ ቀረበ። «ያለፈው ረቡዕም ያሸነፍነው እኛ አይደለንም፤ እነሱ ናቸው በገዛ እጃቸው ያገቡልን። አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንደበድብ ከረምን። ለመሸነፍ የማንንም እርዳታ አንፈልግም፤ ራሳችን እንበቃለን። ተቀመጥ አልኩህ።»

አማቼ እንደ ቆመ ነው። ማንን እንደሚያይ አላወቀም፤ በመጨረሻ እኔን አየኝ።  የተባለው ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ የተናገረው ሾፌሩ ነው። መሬት መሬቱን እያየ፣ ኃጢአት እንደሚናገር ሰው፣ «የግራ ክንፉም ቢሆን…» ብሎ ጀመረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኳስ በትክክል አላሻማም።»

«አንድ!» አለ ወንድሜ። «አንዷንም ለተመልካች ነው ያሻማት።»

ከዚያ ግድቡ ተናደ። ያን ያህል ዘመን በሆዳቸው የያዙትን አወጡት። አጥቂው ቀፎ ነው። አማካዩ ከመሮጥ ይልቅ ለመጽሔት ፎቶ መነሣት ይወዳል። በአውሮፓ ዋንጫ ያዋረደን ዳኛ ሳይሆን እነዚህ ናቸው። እንዲህ ሲራገሙ ፊታቸው እየቀላ፣ ትከሻቸው እየቀለለ ሄደ። ሰዓት ሠሪው በመሃል ለመግባት ሁለቴ አፉን ከፈተ፤ የሚጨምረው ግን አልቀረለትም።

«እናንተው ከተሳደባችሁ እኔ ምን ልሥራ» ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

አማቼ መቼ እንደ ተቀመጠ ልብ አላልኩም። በርጩማው ጫፍ ላይ ነበር። ሾፌሩ ነው ያየው።

«አንተ እስቲ» አለው፣ «ረቡዕ ረቡዕ ቆመህ ስታይ የታዘብከው የለም?»

«አለ» አለ አማቼ ቀስ ብሎ። «ተከላካዮቹ ኳሷን ነው የሚያዩት። ሰውየው ከኋላቸው ሲያልፍ የሚያየው የለም። ሁሉም የገባብን ግብ እንደዚያ ነው።»

ወንድሜና ሾፌሩ ተያዩ።

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?»

«ከበር ውጭ ሆኜ ማን ይሰማኛል?»

ሾፌሩ ሳቁ አመለጠው። አማቼም ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ ደህና አምሹ ብሎ ሄደ። ስለ ሰኞ አንድ ቃል አልተናገረም። ወንድሜ ተከትሎት ሊወጣ ሲል እጁን ያዝኩት። የተጣበቀ ሶል ማስቲሹ እስኪደርቅ አይነካም።

ሰኞ ጠዋት ኮቴን ለብሼ በማለዳ ልጄ ቤት ሄድኩ። ታክሲው በር ላይ ቆሟል። ልጄ ያን ሰፊ ጫማዋን አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። አማቼ ቦርሳ ይዞ ታክሲው አጠገብ ቆሟል። ሥራ አልሄደም። እሷ አጠገብም አልገባም። እኔ ስደርስ «አባባ፣ እርስዎ ከኋላ ይግቡ» አለኝና ራሱ ከፊት፣ ከባለታክሲው ጎን ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ፊት ለፊቱን አየ።  ባለታክሲው ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ነርሷ ወረቀቷን አይታ ልጄን በክንዷ ያዘቻት።

«አብሯት የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች። «ማን ነው?»

ልጄ እኔንም እሱንም አላየችም። በሩን ነው ያየችው። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።

ነርሷ ጠበቀች። ሥራ የበዛባት ሴት ናት፣ ብዙ የምትጠብቅ አትመስልም።

«ልግባ?» አላት ሚስቱን።

«ታዲያ ማን ሊገባልኝ ኖሯል?» አለችው።

ወደ እኔ መጣና ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጠ።   ተመልሶ ሄደ፣ ነርሷ ከያዘችው ክንድ በሌላው በኩል ያዛት፣ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ከቆይታ በኋላ ወንድሜ ሥራውን ዘግቶ መጣ። እጁ ላይ ማስቲሽ እንደ ደረቀ ነው። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ገባ?»

«ገባ።»

በረጅሙ ተነፈሰ።  ወንድሜ ዝምታ አይሆንለትም። ጫማውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የሚያልፉትን ነርሶች አየ።

«ረቡዕ እናሸንፋለን ጋሼ» አለኝ።

«ደካማ ነን አላልክም?»

«ደካማ ነን። ግን እናሸንፋለን።»

አልተከራከርኩትም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ለቤተሰብ ያስፈልጋል።

ቀኑ ሲገፋ በሩ ተከፈተና ያቺ ነርስ ብቅ አለች። ፊቷን ማየት የምችለውን ያህል አየሁት፤ ወደ መልካም ያዘነበለ ነበር።

«የሕፃኗ ልብስ ያለበት ቦርሳ ማን ጋ ነው?» አለች።

ተነሣሁ። ቦርሳውን ዘረጋሁላት።

«አባቷ መጥቶ አይወስድም?» አልኳት።

«አይችልም» አለችኝ ቦርሳውን እየተቀበለች። «ልጅቷን ታቅፎ ለማንም አልሰጥም ብሏል።»